ዓሣው አልበቃም

የላቦራቶሪው ሰዎች «አጋቢዋ» ይሏታል። ቅጽል ስሙ በክፋት የወጣላት አይደለም፤ ከሥራዋ የመጣ ነው። የዓሣ ክሮሞዞም በማይክሮስኮፕ ፎቶ ሲነሳ እንደተደፋ ክብሪት ተዘራርቶ ነው የሚታየው። እሷ እያንዳንዱን በትንሽ መቀስ ቆርጣ ታወጣና ቁመቱን ከቁመት፣ ወገቡን ከወገብ እያስተያየች ጥንድ ጥንዱን ወረቀት ላይ ትለጥፋለች፤ አንዱ ከእናት የመጣ፣ አንዱ ከአባት የመጣ። ሌሎቹ ይህን ሥራ ለኮምፒውተር ከሰጡት ቆይተዋል። እሷ ኮምፒውተሩ ያጋባውን አታምንም። «ቁመት አይቶ ነው የሚድረው» ትላለች፤ መቀሷም ከጋዋኗ ኪስ ጠፍቶ አያውቅም።

ስንቱን ስታጋባ የኖረች ሴት ራሷ ሳታገባ ጸጉሯ ገብስማ መሆኑ ለቀልድ የተመቸ ነገር ነው፤ ሰዉም አልማራትም። ከሁሉ የምትብሰው ግን አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ ናት። «ስንቱን አምባዛ ድረሽ ጨረስሽ፤ አንቺስ መቼ ነው ወግ የሚደርስሽ?» ትላታለች፣ እራት በልተው ሳህን ሲያጥቡ። አጋቢዋ ሳህኑን ማደራረቋን ትቀጥላለች። መልስ አጥታ ግን አይደለም። መልሱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ወንዙ ሲሞላና ወንዙ ሲጎድል፣ ክዳኑ የተበሳሳ ነጭ የፕላስቲክ ባልዲ ይዞ ይመጣል።

ባለባልዲው ዓሣ አጥማጅ ነው። ረጅም፣ ጎንበስ ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው፤ ሚስቱ ገና ጎጆ እንደወጡ ሞታበት ብቻውን ነው የሚኖረው። ከወንዙ እስከ ላቦራቶሪው ያለውን መንገድ ባልዲውን በሁለት ጉልበቱ መሐል አጣብቆ በአውቶቡስ ይመጣል። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ይወርድና ውሃ ይቀይራል፤ ሾፌሮቹም ለምደውት ጥሩንባ አይነፉበትም። መጀመሪያ የመጣ ዕለት የግቢው ዘበኛ መዝገቡን ገልጠው ስሙን ጠየቁት፣ ከየት እንደመጣ ጠየቁት፣ ቀጥለው «ጉዳይ?» አሉት። ሰውየው ባልዲውን ቁልቁል አየና «ዓሣ» አለ። ከዚያ ወዲህ ዘበኛው አይጠይቁትም፤ ባልዲውን ከሩቅ ሲያዩ «ጉዳይ» ከሚለው ሥር «ዓሣ» ብለው ጽፈው ይጠብቁታል።

ጉዳዩ እውነትም ዓሣ ነበር። ወንዙ አንድ ነው፤ መሐሉ ላይ ግን ምንም ዓሣ ሊወጣው የማይችል ፏፏቴ አለ። ከፏፏቴው በላይም ከፏፏቴው በታችም ትንንሽ አምባዛዎች ይኖራሉ። ጢማቸው አንድ፣ ቆዳቸው አንድ ነው፤ ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው ማንም አይለያቸውም። ክሮሞዞማቸው ሲቆጠር ግን የላዮቹ ሃምሳ ስድስት፣ የታቾቹ ሃምሳ አራት ይሆናል። ሁለቱ የት ገቡ? አጋቢዋ ዕድሜዋን የሰጠችው ለዚህች ጥያቄ ነው። መልሱን ስታገኘው የጠፋ ነገር አልነበረም፤ ከላዮቹ ዘንድ ለየብቻ የሚኖሩ ሁለት ትንንሽ ክሮሞዞሞች ከታቾቹ ዘንድ ተጋጥመው አንድ ትልቅ ሆነዋል። ይህ ከእናትም ከአባትም በኩል ስለሆነ ቁጥሩ በሁለት ይቀንሳል።

ለምን ተጋጠሙ ለሚለውም የራሷ ሐሳብ ነበራት። ክሮሞዞም ላይ የተጻፈው ሁሉ መመሪያ አይደለም። ብዙ ቦታ ላይ አንድ አጭር ቃል ሺህ ጊዜ፣ አሥር ሺህ ጊዜ፣ ያለ አንዳች መሰልቸት ተደጋግሞ ይጻፋል። እሷ ተማሪ በነበረችበት ዘመን ይህን ተደጋጋሚ ዲኤንኤ መምህራኑ ቆሻሻ ይሉት ነበር። ታዲያ ሁለት የማይዛመዱ ክሮሞዞሞች ያንኑ ቃል ተሸክመው ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ወገኑ ይመስለዋል፤ ይጠጋዋል፣ ይሰበራል፣ ተሳስቶ ይገጥመዋል። ዓሣ ሁለት ዓይነት የሚሆነው እንዲህ ባለው ስሕተት ጭምር ነው።

ባለባልዲው በመጀመሪያው ጉዞው ይህን በዓይኑ አይቷል። ዓሦቹን ወደ ገንዳው ካፈሰሰ በኋላ እጁን አድርቆ ሊሄድ ሲል፣ ምን እንደገፋፋት ሳታውቀው «ከዚሁ ወንዝ ቀደም ሲል ከመጣ ዓሣ የሠራሁትን ማየት አይፈልጉም?» አለችው። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ትንፋሹን ያዘ። የክሮሞዞሞቹ ጫፍ ሁሉ በሚያበራ ቀለም ተነክቶ ነበር፤ ጫፉም የሚሠራው ከዚያው ከሚደጋገም ቃል ነው። ትልቁ ክሮሞዞም ግን ሁለቱ ጫፉ ሲያበራ ወገቡም ላይ አንድ ነጥብ ያበራል።

«ይሄ ጫፍ መሐል ላይ ምን ይሠራል?» አላት።

«ድሮ ሁለት ነበሩ። ሲገጥሙ ጫፋቸው መሐል ቀረ።»

ባለባልዲው ቀና ሳይል «መረብም እንዲሁ ነው» አለ። «ሁለት ቁራጭ ሲቀጥሉ ቋጠሮው ይቀራል። ሌላው ሰው አያየውም፣ እጅ ግን ያውቀዋል።»

ነገሩ ይኸው ነው። የተባለው ነገር ትልቅ አይደለም፤ በጆሮዋ ገብቶ ግን ሳይወጣ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ነጥብ ባየች ቁጥር በልቧ ቋጠሮ ትለዋለች፤ በጽሑፎቿ ላይ ግን ትክክለኛውን የሳይንስ ስሙን እየጻፈች ትልካለች።

ያኔ የመጡት ዓሦች ጥቂት ስለነበሩ «ቁጥሩ አልበቃም፤ በሚቀጥለው ወራት ይጨምሩልኝ» አለችው። እውነቷን ነበር። ሁለተኛ ሲመጣም እንዲሁ አለችው፤ ያኔም እውነቷን ነው። በሦስተኛው ግን በቅቶ ነበር። ቆጥራ፣ ደምራ፣ አረጋግጣ አመሰግናለሁ ብላ ልታሰናብተው ገንዳው ዘንድ ወረደች። ሰውየው የመጨረሻዋን ዓሣ ከባልዲው ገልብጦ መጣል አልሆነለትም፤ በሁለት መዳፉ አቅፎ ውሃው ውስጥ ካስገባት በኋላ ራሷ ዋኝታ እስክትወጣ መዳፉን ሳይነቀንቅ ይጠብቃል። አጋቢዋ አፏን ከፈተች። «አልበቃም» የሚል ቃል ወጣ።

ከዚያ በኋላ አመል ሆነ። ውሃው ይሞላል፣ ባለባልዲው ይመጣል፣ አልበቃም ትለዋለች። ውሃው ይጎድላል፣ ባለባልዲው ይመጣል፣ አልበቃም ትለዋለች። እሱም አንድ ቀን እንኳ «ስንት ሲሆን ነው የሚበቃው?» ብሎ አልጠየቃትም። አንድ ብርጭቆ ሻይ ይጠጣል፣ ስለ ወንዙ ትጠይቀዋለች፣ የትኛው ድንጋይ ሥር የትኛውን ዓሣ እንዳገኘ አንድ በአንድ ይነግራታል፣ ይሄዳል። ስድስት ወር የምትኖረው በዚያች አንድ ሰዓት ነበር። የተናገራትን ቤቷ ሆና እንደገና ትሰማዋለች፤ ልትለው ያሰበችውንም ትለማመዳለች፤ ሲመጣ ግን ስለ ውሃው ሙቀት ትጠይቀዋለች። ሁለት ጎልማሳ ሰዎች፣ አንዷማ ዶክተር፣ እንዲህ ልጅ መሆናቸው ያናድዳል። ግን ሆኑ።

በዚህኛው ወራት ባለባልዲው ይዞ የመጣው ስምንት ትንንሽ ዓሣ ብቻ ነበር። ፊቱ ገርጥቷል። ስለ ድንጋዮቹም አልተረከላትም፤ «ከታች ነው ያገኘኋቸው» ብሎ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ።

አጋቢዋ ሥራዋን ጀመረች። ዓሣውን ማደንዘዣ ባለበት ውሃ አስተኝታ ከኩላሊቱ ሴል ትወስዳለች፤ ዓሣው ከዚያ በኋላ አይነቃም። ሴሎቹን ውሃ አጠጥታ ታሳብጣቸዋለች። ከዚያ ስላይዱን በትንፋሿ አሙቃ ጉም ካለበሰችው በኋላ ክንዷን ከፍ አድርጋ ጠብታውን ትለቃለች፤ ጠብታው ከላይ ሲወድቅ ሴሉ ይፈነዳና ክሮሞዞሞቹ ይዘረጋሉ። የመጀመሪያውን ዓሣ ቆጠረች፤ ሃምሳ አምስት ሆነ። ዓይኔ ነው ብላ መነጽሯን ወልውላ ደገመች። ያው ሃምሳ አምስት። ፎቶውን አትማ መቀሷን አወጣች፤ ሁሉንም አጋብታ ስትጨርስ ሦስት ብቻ ቀሩ። አንዱ ያ ወገቡ ላይ ቋጠሮ ያለበት ትልቁ ነው፤ ሁለቱ ተጋጥመው የማያውቁት ትንንሾቹ ናቸው። ትልቁን መሐል፣ ትንንሾቹን ግራና ቀኝ አድርጋ ለጠፈቻቸው።

የላዩና የታቹ ዓሣ ተጋብተዋል ማለት ነው። የክፍሉ ኃላፊ አብሯት የተማረ ሰው ነው፤ ወረቀቱን ሲያይ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«ፏፏቴውን ወጥተውታል?» አለ።

«ወይ ወጥተውታል፣ ወይ ጎርፍ አውርዷቸዋል። እንጃ።»

«የት እንደሚገናኙ ካገኘን እኮ ፕሮጀክቱን ለሦስት ዓመት ያራዝሙልናል። በየወሩ ነው ዓሣ የሚያስፈልገን።» ከዚያ ከመነጽሩ በላይ አያትና ፈገግ አለ። «ባለባልዲሽን በየወሩ እናስመጣዋለና።»

በየወሩ። አጋቢዋ ይህን ቃል ይዛ ነው ቤቷ የገባችው። የጣደችው ሾርባ እስኪያርርባት ድረስ ምድጃው ፊት ቆማ አላየችውም። እህቷ ድስቱን ነጥቃ አወረደችና «ምን አግኝተሽ ነው እንዲህ የፈዘዝሽው?» አለቻት።

«ሃምሳ አምስት።»

«እሱንማ ካለፍሽው ሰነበትሽ» አለች እህቷ፣ ድስቱን እየፈገፈገች።

አጋቢዋ ሳቋ ከፊቷ ሳይጠፋ ነገሩን መጠርጠር ጀመረች። ከስምንቱ ዓሣ ስድስቱን ሠርታ ስትጨርስ ስድስቱም ሃምሳ አምስት ሆኑ። ከወንዝ የተጠመደ ዓሣ እንዲህ አይሆንም፤ የተዳቀሉት ካልተዳቀሉት ጋር ተደባልቀው ነው የሚገኙት። እነዚህ ቁመታቸውም አንድ ነው፣ ዕድሜያቸውም አንድ ነው፣ ፍጹም የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ይህን ለማወቅ ማይክሮስኮፕም አያስፈልጋትም ነበር። ጥቂት ቀን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ኖረች፤ ባላወቅኩ ኖሮ ብላም ተመኘች። የቀሩትን ሁለቱን ግን መንካት አልሆነላትም፤ ገንዳው ውስጥ ተወቻቸው። በመጨረሻ ስልክ ደወለችና የትኛው ድንጋይ ሥር እንዳገኛቸው ጠየቀችው።

«ያው እዚያው ነው» አለ ባለባልዲው። ስለ አንድ ድንጋይ ሲያወራ ሻይ የሚቀዘቅዝበት ሰው ከዚህ ሌላ አልጨመረም።

በነጋታው አውቶቡስ ላይ ወጣች። ስንት ዓመት ስለዚያ ወንዝ ስትጽፍ ወርዳ አይታው አታውቅም ነበር። ለሌሎች ሥራ በዛብኝ ትላለች እንጂ፣ የምትፈራው ወንዙን ሳይሆን ከወንዙ ዳር ያለውን ቤት ነው፤ ደርሳ ስታየው ፊቷ ያወጣባታል።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ መረብ ተሰቅሏል፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ኩባያ አለ። ባለባልዲው በሩ ላይ ቆማ ሲያያት የያዘውን የመረብ መርፌ ከእጁ ጣለው። ወንበሩን ለእሷ ሰጥቶ ያን ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠበት። ከጓሮ የአየር መንፊያ ሞተር ድምፅ ይሰማ ነበር፤ እሷ ላቦራቶሪዋ ውስጥ ከዓሣ ገንዳው ቀኑን ሙሉ የምትሰማው ያው ድምፅ ነው። ተነስታ ወጣች፤ እሱም አልከለከላትም።

ጓሮው ውስጥ ልብስ ማጠቢያ የነበረ የሲሚንቶ ገንዳ አለ። በላዩ መረብ ተወጥሯል፤ በላዩም የተበሳሳ ቆርቆሮ ተንጠልጥሏል። ገንዳው ውስጥ ሁለት ትልልቅ አምባዛዎች ጎን ለጎን ተኝተዋል።

«ዝናብ የመጣ እንዲመስላቸው ነው» አለ፣ ቆርቆሮውን እያሳያት። «ካልዘነበ አይወልዱም። በሱ ላይ ውሃ አፈስላቸዋለሁ።»

«ከየት ናቸው?»

«ወንድየው ከታች ነው። እሷ ከላይ ናት።» ባለባልዲው መረቡን ይነካካ ጀመር። «ጠጠር የሚያወጡት ሰዎች ወንዙን ከገለበጡት ወዲህ ዓሣ የለም። አንድ ወር ሙሉ ፈልጌ እሱን ብቻ አገኘሁ። ላይ ወጥቼ ደግሞ እሷን ብቻ። ለየብቻ ማስቀመጥ ይገባኝ ነበር፤ እርስዎ ሁልጊዜ አይቀላቅሉ ይሉኛል። አላስቻለኝም።»

አጋቢዋ በቆርቆሮው ቀዳዳዎች ላይ ጣቷን አሳለፈች።

«እርስዎ ደግሞ አልበቃም ይላሉ። ባዶ እጄን መጥቼ እዚያ በር ላይ ምን ልበል? ጉዳይ ይጠይቃሉ ዘበኛው።»

ይህን የሰማች ሴት ደስታዋን አልቻለችውም ማለት ይቻል ነበር። ስንት ዓመት የናፈቃት ሰው፣ እንዳይቀር ብሎ ቆርቆሮ በስቶ ዝናብ ሲያዘንብ የከረመው ለእሷ ነው። ልቧም እውነት ዘለለ። ግን ያን ያህል የደከመላትን ሰው ሐሰት ላይ አቁማው መሄድ አልቻለችም።

«በቅቶ ነበር» አለች።

«ምኑ?»

«ዓሣው። ድሮ ነው የበቃው። ሦስተኛ የመጡ ጊዜ።»

«ታዲያ ለምን አልበቃም ይሉኝ ነበር?»

«እንዳይቀሩ።»

ባለባልዲው መጀመሪያ የገባው አልመሰለም። ከዚያ ፊቱ ላይ አንድ ነገር መጣ፤ ሊፈካ ሲል ያየችው መሰላት፤ ወዲያው ግን ዓይኑ ወደ ወንዙ ዞረ። ወንዙ ከጓሮው አጥር ማዶ፣ በጠጠር ክምር መሐል፣ እንደ ነገሩ ይወርዳል።

«ያ ሁሉ ዓሣ» አለ ቀስ ብሎ።

ይህን ማሳመር አይቻልም፤ እሷም አልሞከረችውም። ከሦስተኛው ባልዲ በኋላ የመጣው ዓሣ ሁሉ ያለ ጉዳይ የሞተ ነው። አንድ በአንድ መርጦ፣ በመዳፉ አቅፎ፣ በየፌርማታው ውሃ እየቀየረ ያመጣላት ለዚህ ነበር። ወንዙን የጨረሱት ጠጠር አውጪዎቹ ናቸው፤ እሷም እሱም ግን አግዘዋል፤ እሱ ደግሞ ሳያውቅ።

አውቶቡስ ድረስ ሸኛት። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት እጇን አነሳች፤ እሱ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ለኃላፊው በማግስቱ ነገረችው። «ከጓሮ ገንዳ ነው። ከአንድ ገንዳ የወጡ ወንድማማቾች ናቸው፤ ወንዙ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ማንም የሚያውቅ የለም እኮ።»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ፕሮጀክቱ ይዘጋል። ገባሽ? ባለባልዲሽም ይቀራል።»

«ገብቶኛል።»

ኃላፊው መነጽሩን መልሶ አደረገ። ናፍቆቷን ሁሉም ያውቁ ኖሯል ለካ፤ ደብቄዋለሁ ብላ የምታስበው እሷ ብቻ ነበረች። ያን ዕለት ማንም አልቀለደባትም፤ ከቀልዱ ሁሉ የከበዳት ይህ ነው።

ወንዙ የሚሞላበት ወራት ደረሰ፤ ባለባልዲው አልመጣም። ይመጣል ብላ መጠበቅ አልነበረባትም። ራሷ ናት በቅቷል ያለችው። ሆኖም ዝናብ በመጣ ቁጥር ከመስኮቱ አትርቅም ነበር፤ በሩ ላይ ነጭ ነገር ባየች ቁጥር አንገቷን ታሰግጋለች፤ ጀሪካን ይሆናል፣ ነጭ ከረጢት የያዘች ሴት ትሆናለች። ስልኩን ታነሳና መልሳ ታስቀምጠዋለች። ምን ትለዋለች? በነዚያ ሁሉ ዓመታት በመካከላቸው የነበረው ቃል ዓሣ ብቻ ነው፤ እሱ ሲወጣ የሚቀር ቃል አላበጁም። ናፈቃት። ድምፁ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ መዳፉን በዓይኑ አድርጎ ማጎንበሱ፣ ሲያወራ የሚቀዘቅዝበት ሻይ ሳይቀር ናፈቃት። እህቷም ነገሩ ገብቷት መሰለኝ ሳህን ሲያጥቡ ስለ አየሩ ማውራት ጀመረች።

ሁለቱ ዓሦች ገንዳው ውስጥ አደጉ። አዲስ ሥራ ተሰጥቷታል፤ የሌላ ሰው ዓሣ፣ የሌላ ወንዝ፤ ክሮሞዞሙም እንደ ሕጉ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይመጣል። ጠዋት ጠዋት ግን መጀመሪያ የምትወርደው ገንዳው ዘንድ ነው። ምግባቸውን በጣቶቿ እየበተነች በጢማቸው እየዳሰሱ ሲለቅሙ ታያቸዋለች። ኃላፊው አንድ ቀን በዚያ ሲያልፍ የአየር መንፊያውን አየና «ይሄ ሞተር ለምንድን ነው የሚሠራው? ጥናቱ ተዘግቷል» አላት። አጋቢዋ ምግቡን መበተኗን ቀጠለች። ኃላፊውም ሞተሩን ሳይነካ ሄደ።

ወንዙ የሚጎድልበት ወራትም ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ መቀሷን ይዛ፣ እጇ ላይ ጓንት አድርጋ፣ ከሦስት ባልደረቦቿ ጋር ጠረጴዛ ከብባ ስትሠራ የውስጥ ስልኩ ጮኸ። አንደኛዋ አነሳችና «ከበር ነው፤ ዘበኛው አንቺን ይፈልጋሉ» ብላ አቀበለቻት።

«ዶክተር» አሉ ዘበኛው፣ ግራ በገባው ድምፅ። «ያ ባለባልዲ ሰውዬ መጥቷል። ማለቴ እሱ ይመስለኛል። ባልዲ ግን አልያዘም።»

አጋቢዋ መቀሱን አስቀመጠች። «ምን ይዟል?»

«ምንም። ባዶ እጁን ነው። ልብሱን ቀይሮ ነው የመጣው፤ እኔማ መጀመሪያ አላወቅኩትም።» ዘበኛው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዓሣ ልል ነበር፤ ዓሣ የለማ። ጉዳይህ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው ዝም አለኝ። ሁለቴ ጠየቅኩት። መሬት መሬቱን ያያል። ያለ ጉዳይ ማስገባት ደግሞ አይፈቀድልኝም። ምን ብዬ ልጻፍ?»

ሦስቱም ባልደረቦቿ እጃቸው ላይ ያለውን ሥራ የሚያዩ መስለው ያዳምጣሉ። ስንት ዓመት በልቧ ስትለማመደው የኖረችውን ነገር ሁሉ ፈለገችው፤ አንዱም የለም።

«እኔ ነኝ» አለች።

«እንዴት?»

«ጉዳዩ እኔ ነኝ ብለው ይጻፉ።»

ከዚያ ብዕር መዝገብ ላይ ሲጭር በስልኩ ተሰማት። አጋቢዋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ትታው፣ ጓንቷን ሳታወልቅ፣ ደረጃውን መውረድ ጀመረች።